ሐሙሴን የነፋችው ልጅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ያቺ ልጅ ጉድ ናት። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንደ ልማዴ ፍል ውሃ ልታጠብ ሄጄ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። ወረፋችንን ይዘን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ቲኬት የምትቆርጠው ሌሊሴ ከመስኮቷ ጀርባ ወጣች፣ ከጋዋኗ ኪስ አንድ የቆርቆሮ ነገር አውጥታ አፏ ላይ አደረገች። አርሞኒካ ነው። የልጅ መጫወቻ ብዬ ናቅኩት። ከዚያ ነፋችው።

እግዚኦ! ጨው ጭኖ የጎጆ ከተማን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ አሰማችን። እያቃሰተ፣ ማርሽ እየቀየረ። ሰው ሳቀ። ቀጥላ ጥጃዋ የሞተባት ላም አደረገችው። ሰው ዝም አለ። ድምፁን ትይዝና ታጎብጠዋለች፣ ሊሰበር ሲል ትለቀዋለች።

የእኔን ጆሮ ወፍጮ በልቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ ከናፍጣ ሞተር ጎን ቆሜ የሰው እህል ስፈጭ ኖሬ፣ ዛሬ ሬዲዮ ቢከፈት ለእኔ ትንኝ ነው። ይሄ ግን ገባኝ። ጥርሴ ድረስ ገባኝ። ሚስቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ ዘፈን ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምን ይባላል?" አልኳት።

"ብሉዝ ነው ኦቦ ደጀኔ። የአሜሪካ ጥቁሮች የሚጫወቱት። ከስልክ ነው የለመድኩት።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። የሰማሁትን እነፋለሁ።"

እንዲህ ያለች ጎበዝ አምቦ ተቀምጣ ቲኬት ስትቆርጥ አንድ ሰው አላያትም። እኔ አየኋት። ይጻፍልኝ።

መብራት መጣ፣ ገባሁ። ከአስካለ ጋር ተነጋገርኩ። ሐሙስን የመረጥኩት ለዚሁ ነው፣ ገበያ ስለሌለ ሰው ይቀንሳል። ውሃውን እለቀዋለሁ። በለሆሳስ እጠራታለሁ። እምባ ከመጣም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ማንም አያውቅም። ቀብሯ ላይ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም፣ ሰው ድንጋይ ብሎኛል። ይበል። ሚስቴን ለአደባባይ አላለቅሳትም።

ዛሬ ስለ ልጅቷም ነገርኳት።

አርብ፣ ኅዳር 7

ተረፈን ይዤው ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ተረፈ። በአንድ ማኅበር ጽዋ ስንጠጣ ያረጀን ሰዎች ነን።

ሌሊሴ አይሱዙውን ነፋችለት። ላሟን ነፋችለት። እንዲህ ነው እንጂ! ከዚያ እኔን እያየች "አንድ አዲስ አለኝ፣ ገና አላለቀም" አለች። ፈራ ተባ እያለች ጀመረችው።

ቀስ ያለ ነው። የሆነ ሰው ይጠራል። መልስ ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጠራል፣ አሁን ዝቅ ብሎ። የማላውቀው ሰው ስሜን የጠራኝ መሰለኝ።

እሑድ ከአዲስ አበባ ሙዚቀኞች መጥተው በከተማው አዳራሽ ወጣቶችን ሊሰሙ ነው አሉ። ጥሩውን መርጠው ይወስዳሉ።

"ይሄን ንፊው" አልኳት። "ይሄን ሳትነፊ ከመድረክ እንዳትወርጂ።"

"ከልብዎ ነው አባኮ?" አለችኝ። አባቴ ማለቷ ነው። "አይከፋዎትም?"

"ምን ይከፋኛል! መርቄሻለሁ።" መረቅኳት። አፏን ባርክልኝ፣ ትንፋሿን ባርክልኝ፣ የጠላሽ ይጥፋ። ዓይኗ እምባ ሞላ። ጨዋ ልጅ።

ተረፈ ግን ጫማውን ያያል። "እንዴት ነው?" ስለው "ጥሩ ናት" አለኝ። በቃ! የሰማይ በር ተከፍቶለት ጥሩ ናት ይላል። "አንተ ከስፌት መኪናህ ሌላ የሚጥምህ ድምፅ የለም" ብዬው ጥዬው ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ገበያ ወጣሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ለነገ ጠራሁ። የገብስ ነጋዴዎቹን። የእድሩን ዳኛ። ወፍጮ ቤቴን የገዛውን ሰውዬ፣ አልወደውም፣ ግን ይስማ። የንስሐ አባቴን እንኳ። "ዘፈን ነው?" አሉኝ። "የለም አባ፣ ለቅሶ ነው የሚመስለው" አልኳቸው። "እንግዲያስ እናያለን" አሉ።

ለሁሉም "እኔ ነኝ ያገኘኋት" አልኩ። እውነት ነው።

ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። ልጄ ናት፣ ጊንጪ መንገድ ዳር ሱቅ አላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምታወራኝ በዓል በዓል ብቻ ነው። "እናቴ አፈር ስትለብስ ዓይንህ አልራሰም" ብላኛለች። አንዴ ነው ያለችኝ፣ አንዴም ይበቃል። ዛሬ ግን እመጣለሁ አለች። ድል ነው።

ከሰዓት ተረፈ መጣ። አይቀመጥም፣ አይቆምም።

"ደጀኔ፣ ነገ ቤትህ ብትውል ምናለ?"

"ለምን?"

"እንዲሁ ነው።"

"ቀንተሃል።"

"በምን ልቅና?"

"እኔ ቀድሜህ ስላገኘኋት።"

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። በር ላይ ዞሮ "ወትሮም ምክር አንተ ጋ መጥቶ ውጭ ነው የሚያድረው" አለኝ። ይደር።

ኮቴን ራሴ ተኮስኩ። ክንዱ ላይ ትንሽ አቃጠልኩት። አይታይም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ድሮም በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ነው፣ ዛሬ ደግሞ እንደ ጉንዳን ተበትኗል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

አዳራሹ ሞላ። የጠራኋቸው ሁሉ መጥተዋል። ከፊት ተቀመጥኩ፣ ብዙነሽ ከጎኔ። ሌሊሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ወጣች። አይሱዙው፣ ሳቅ። ላሟ፣ ጸጥታ። እኔ ግራ ቀኝ እያየሁ "አላልኩም?" እላለሁ።

ከዚያ ማይኩን ያዘች። በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገረች። "የመጨረሻውን የተማርኩት ከአንድ አባት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገላቸውን ሲታጠቡ የሞቱ ባለቤታቸውን ይጠራሉ። እኔ በመስኮቴ እሰማለሁ። ንፊው ብለው ፈቅደውልኛል።"

አጨበጨብኩ። እግዜር ያየኛል፣ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ምስኪን ሰውዬ፣ አልኩ በልቤ።

መንፋት ጀመረች። ዞር ስል ሰው ሁሉ መድረኩን ትቶ እኔን ያያል። የእድሩ ዳኛ። የገብስ ነጋዴዎቹ። ያ ወፍጮ ቤቴን የገዛው፣ እሱ እንኳ አንገቱን ደፍቷል። ሐሙስ የሚለው ያኔ ነው የገባኝ። ራቁቴን ያቆሙኝ መሰለኝ።

ብዙነሽ እጄን ያዘችኝ፣ ታለቅሳለች። እጄን ነጠቅኳትና ተነስቼ ወጣሁ። መጨረሻውን አልሰማሁም።

ተከትላኝ ደጅ መጣች። "በለሆሳስ ነበር የምጠራት" አልኳት።

"አባዬ፣ አንተ በለሆሳስ ያልከው ወንጪ ድረስ ይሰማል! ሞተር እያስጮህክ የኖርክ ሰው። እማዬ 'ለአባትሽ ምስጢር አይነገርም፣ ሲደብቀው አገር ይሰማዋል' ትል አልነበረም?"

ሳቅ ጀምሯት ነበር። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። "ለግድግዳ አለቀስክ? እኔ እያለሁልህ፣ ለግድግዳ?"

አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ምሳም አልቀመሰች።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ከቤት አልወጣሁም። ተረፈ መጣ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኩት።

"ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ።"

"ሌላስ ማን ያውቃል?"

"ማን አያውቅም ብለህ ጠይቀኝ። አንተ ስትገባ ዘበኛው የጎንህን ክፍል ለሰው አይሰጥም። የሚጯጯሁ ልጆች ካሉ 'ዝም በሉ፣ ኦቦ ደጀኔ ሐዘን ላይ ናቸው' ይላል።"

"ለምን አልነገርከኝም? ጓደኛዬ አይደለህም?"

"ብነግርህ ትተወው ነበር። ከዚያ የት ታለቅስ ነበር?"

አስወጣሁት። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሳቀብህን ፊት ለፊት ትገጥመዋለህ። ያዘነልህን ምን ትለዋለህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ገበያ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ፣ ሰላም የሚለኝ ሁሉ ሐሙሴን ያውቅ ነበር። ለካ አክብሮት ያልኩት አዘኔታ ነው።

ከሰዓት ሌሊሴ መጣች። በሩን አልከፈትኩም። ከደጅ ቆማ ጮክ ብላ ተናገረች፣ እንድሰማ።

"ኦቦ ደጀኔ፣ ጠየቅኩዎት እኮ! ንፊው አሉኝ፣ መረቁኝ።"

"ዘፈን መስሎኝ ነው!"

"የገባዎት መስሎኝ ነው። ስምዎንም አልጠራሁም።"

"ስሜን ባትጠሪም ሐሙስን ጠርተሻል። ለቅሶ ይሰረቃል እንዴ?"

የሄደች መሰለኝ። ከዚያ "ሰው ሲሞት ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል" አለች። "እርስዎ ቆልፈውት ማን ይድረስ? እኔ ያለኝ ይቺ አርሞኒካ ናት። በእሷ ደረስኩ። ለቅሶ ደራሽ ደግሞ በር አንኳኩቶ ፈቃድ አይጠይቅም፣ እኔ ግን ጠይቄ ነበር።"

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፣ አስካለ ታውቀዋለች። "ሁለተኛ አፍሽ ላይ እንዳታደርጊው" አልኩ።

"እሺ አባኮ" አለች። ወዲያው። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። እሺ አለችና ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አሸነፍኩ። ልጅቷ ቃሏን ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ያስታውቃል። ከእንግዲህ ማንም አይነፋውም።

ሽሮ ሠራሁ፣ ጓጎለ። በላሁት።

እንዴት ነበር የሚለው ብዬ ላንጎራጉረው ሞከርኩ። አቃተኝ። የሆነ ሰው ይጠራል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ? ከእኔ አፍ ወጣ ያሉት ነገር እኔ ጋ የለም። እኔ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ልጅቷ ስትነፋው ብቻ ነው። መጨረሻውንም አዳራሽ ጥዬው ወጣሁ። አስካለን የምጠራው እንደዚያ ከሆነ፣ እንደዚያ መሆኑን እሷ እንኳ አልሰማችውም።

ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። አነሳች።

"ምን ፈለግክ አባዬ?"

"እንዲሁ ነው። ደህና ገባሽ ወይ ብዬ።"

"ከትናንት በስቲያ ነው እኮ የገባሁት።"

"እኔ ስንት ዓመት ብቻዬን አለቀስኩ" አለች። "አልወደዳትም ብዬ ጠላሁህ። ቲኬት ቆራጯ የምታውቀውን እኔ አላውቅም ነበር።"

እሷም ተከድታለች ለካ። በእኔ። ይቅርታ ልላት ነበር። "ሱቅሽ እንዴት ነው?" አልኳት። ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ ደጅ አያስወጣም። ሳስል ተረፈ እያሳለ ገባ። ኩርፊያችንን ሁለታችንም ረሳነው።

ከመናኸሪያ መምጣቱ ነው። ሌሊሴን አሳፍሯት። ሙዚቀኞቹ ጠርተዋት አዲስ አበባ ሄዳለች፣ ነገ ይሰሟታል። የፈለጓት ግን ለዚያ ለመጨረሻው ነው። "የመኪናና የላም ድምፅ የሚያወጣ ሞልቶናል" ብለዋታል። እሷ ደግሞ አልነፋውም ብላ ነው የተሳፈረችው።

"ካልነፋችው አይወስዷትማ?" አልኩት።

"አይወስዷትም። ተመልሳ ቲኬቷን ትቆርጣለች።"

"ታዲያ ለምን ትሄዳለች?"

"አይሱዙውን ይቀበሉኝ ይሆናል ብላ ነዋ! ምን ታድርግ? ከልክለሃታል።" ከዚያ እንደ ድሮው አፍጥጦ አየኝ። "ሚስትህን የሚጠራ ሁለት ሰው ነው የነበረው፣ አንዱን አፉን ዘጋህ።"

ስድብ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስወጣው ነበር።

አሰብኩ። የልጅቷን ስልክ አላውቅም፣ ተረፈም አያውቅም። አውቶቡሱ ግን ጊንጪ ይቆማል። ሰው ይጭናል፣ ሰውም ወርዶ ቆሎ ይገዛል። ብዙነሽ ሱቅ ፊት ለፊት።

ደወልኩ።

"ብዙነሽ! ከአምቦ የተነሳው አውቶቡስ አልፏል?"

"አሁን እየገባ ነው። ምነው?"

"ያቺ አርሞኒካ የምትነፋው ልጅ ውስጡ አለች። አግኛት።"

"ምን ልበላት?"

ተረፈ ያየኛል። "አልፈቀድኩም በያት" አልኩ።

"አልፈቀድኩም ለማለት ነው አውቶቡስ የማስቆመው?"

"አልፈቀድኩም! ግን ትንፋው። ሐሙስን አትጥራ፣ ፍል ውሃውን አትጥራ። አስካለ ትባላለች በያት፣ የሚጠራው ሰው ስሟ አስካለ ነው። እስከ መጨረሻው ትንፋው!"

"አባዬ፣ ቀስ በል። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማህ ነው።"

"ይስማ!" አልኩ።

ብዙነሽ የሆነ ነገር አለች፣ አልሰማሁትም። ከዚያ ሩጫ ይመስለኛል። የመኪና ጥሩንባ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ደርሳባት ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ተረፈ መልሰህ ደውል ይላል። የለም፣ ራሷ ትደውልልኝ። ስትደውል ጆሮዬ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ስልኩን በግራ እጄ ጨብጬ ነው በቀኜ ይሄን የምጽፈው። ሲንቀጠቀጥ አውቀዋለሁ።

እስካሁን አልተንቀጠቀጠም።