ለአራተኛው ሰው የተተከለ ድንኳን

ሰኞ

አልሰጥም አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ዳልኬ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ ሻይ አስቀድተውልኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ ነው እምቢ ያሉኝ። «ልጄ፣ የዕድር ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ማንም ሳይሞት ድንኳን መትከል ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው።» ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ለቅዳሜ ቀረጻ የጎደለን፦
ድንኳን።
ቢያንስ ስልሳ ሰው።
የእኔ ድፍረት።

ናሆም ቅዳሜ ካልሆነ የለም ብሏል። ካሜራውን ከሐዋሳ ነው የተዋሰው፤ እሑድ መመለስ አለበት። ናሆም ከደሴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቲያትር የሚያስተምር ልጅ ነው። የሚሠራው ፊልም «ሦስት» ይባላል። የሌለ አገር፣ የሌለ መንግሥት። በዚያ አገር ከሦስት ሰው በላይ አንድ ላይ መቆም ክልክል ነው። ሠርግ የለም። ገበያ በተራ ነው። ቀብር ላይ ሁለቱ ይሸከማሉ፣ አንዱ ይቆፍራል፣ በቃ። እኔ ወርቂቱ ነኝ፤ ልጇን ወስደው ሬሳውን የመለሱላት እናት። መጨረሻ ላይ ወርቂቱ በገዢዎቹ በር ፊት ድንኳን ተክላ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ትቀመጣለች። ሦስት ናቸው፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞራ «አራተኛ የሚሆን ማን ነው?» ትላለች። አመፁ የሚጀምረው በዚህ ነው። ያለ ጠመንጃ፣ በለቅሶ።

እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ። ናሆም አንድ ደብዳቤ ፈልጎ መጥቶ ከባለጉዳይ ጋር ስከራከር ሰማኝና «እትዬ አበባ፣ ፊልም ይሠሩልኛል?» አለኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ይኸው አራት ወር ሆነኝ።

ማክሰኞ

መሥሪያ ቤት የጎን ጠረጴዛዬ ባልደረባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የትኛው መንግሥት ነው ግን?» አለኝ። የሌለ ነው አልኩት። «የሌለ ከሆነ ለምን ታምፁበታላችሁ?» አለ። ሳቅን። ምሳ ሰዓት ላይ ግን የቀረጻውን ፈቃድ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ፈቃዱን አግኝተናል፣ ማኅተም አለበት፣ እኔው ራሴ ፋይል ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቢሆንም።

ከሥራ በኋላ ልምምድ። ስደነግጥ አማርኛዬ ይጠፋል። ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፤ ስናገር ግን ወላይትኛው ዜማውን ይይዘዋል፣ ወንዱን ሴት አደርገዋለሁ። ዛሬ ወታደሩን «አንቺ» አልኩት። ወታደር የሚሆኑት ሦስት ተማሪዎች መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። ናሆም ግን አልሳቀም። «ይሁን፣ እንዲያውም እንደ ቤትዎ ይናገሩት። ወርቂቱ የት አገር እንዳደገች እኔ አልጻፍኩም» አለ።

ትንሽ ድል፦ ረጅሙን ንግግር ሳልሳሳት ጨረስኩት።

ናሆም የሠርግ ድንኳን እንከራይ ብሎ ነበር። ነጭ፣ በጎኑ መጋረጃና አበባ ያለው! ወርቂቱ ልትዳር ነው ወይ አልኩት። የለቅሶ ድንኳን ያላየ ሰው ሶዶ ውስጥ የለም፤ ማንን እናታልላለን?

ረቡዕ

ጴጥሮስ በሆዱ የያዘውን ዛሬ አወጣው። ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ነገር ሲያሳስበው ጫማውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ከሰኞ ጀምሮ ጫማው ያበራል።

«እኛ ሰው ሲሞት ዘምረን የምንሸኝ ሰዎች ነን። አንቺ በፊልም ደረት ልትመቺ ነው?»

አልመታም፣ ተቀምጬ ነው የምጠይቀው፣ አልኩት። አላመነኝም። ጽሑፉን ሰጠሁትና ሽንኩርት ልልጥ ሄድኩ። ሽንኩርቱ አለቀ፣ ድንቹ አለቀ። ስመለስ መነጽሩን አውልቆ ግድግዳ ያያል።

«ይቺ ሴትዮ ልክ ናት» አለ።

«እና ጋሽ ዳልኬን ታናግርልኛለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ። አንቺ ግን ለምን እምቢ እንዳሉሽ ጠይቀሻቸዋል?»

ሞት መጥራት ነው ብለዋል እኮ አልኩት። «ያ የሁሉም ሽማግሌ መልስ ነው። የእሳቸውን ጠይቂያቸው» አለ። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ አንዳንዴ እንዲህ ያስደነግጠኛል።

ሐሙስ

ጠየቅኳቸው።

ጓሯቸው እንሰት ሲኮተኩቱ ደረስኩ። ስለ ድንኳኑ አላነሳሁም። «ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት ሌላ ያላሉኝ ነገር አለ?» ብቻ አልኩ። መኮትኮቻውን ተደግፈው ቆሙ።

ባለቤታቸው ማርታ በበሽታው ጊዜ ነው የሞተችው፣ ሰው አይሰብሰብ በተባለበት ወቅት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የማላውቀውን ዛሬ ነገሩኝ። ድንኳኑ እሳቸው ቤት፣ እሳቸው ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸውና ቁልፉም በእጃቸው ነበር። «የስንቱን ሰው ሚስት በዚያ ድንኳን ቀበርኩ። የእኔዋን በአምስት ሰው ሸኘኋት። ከቀብር ተመልሼ ድንኳኑ ላይ ተቀመጥኩበት፣ እንደ ተጠቀለለ። መከልከሉ ልክ ነበር፣ ሰው እንዳያልቅ ነው። ልክ ነገርም ግን ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ልጄ።»

ዘመዶቿ ከሃላሌ መምጣት አልቻሉም። በኋላ መንገድ ሲከፈት ደግሞ «ጊዜው አለፈ» ተባለ። አንድም ቀን ተቀምጦ ያለቀሰላት የለም።

አለቀስኩ። ወርቂቱን ሆኜ አራት ወር የፈለግሁት እንባ እዚያ እንሰት መሃል መጣ። ፊልም የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። እንዴት ይወጣል? ልሰናበት ስል እስከ መንገድ ሸኙኝ። ባጃጅ አስቁመውልኝ፣ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ አንገታቸውን አስገብተው፦

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

ዓርብ

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን።

የዕድሩ ሴቶች ከሥራ በኋላ ተሰበሰቡ። ግማሹ ይደረግ፣ ግማሹ ነውር ነው። አንዷ «ሞት ፊልም ያውቃል እንዴ? ድንኳን አይቶ ይመጣል» አለች። ሌላዋ «ሲመጣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለቻት። ጋሽ ዳልኬ እስኪበቃቸው ተዉአቸው። ከዚያ ሦስት ነገር ተናገሩ። መጀመሪያ ይጸለያል። የሬሳ ሣጥን የሚባል አይታይም። ድንኳኑን የሚተክሉት የፊልም ሰዎች ሳይሆኑ የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ለምን እንደተስማሙ አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ናሆምን ስነግረው ስልኩ ውስጥ ጮኸ። ለሦስቱም እሺ አለ። ሰው ይመጣ ይሆን? የዳሞታ ተራራ ጫፉ ጠቁሯል። ዝናብ፣ እባክህ እስከ እሑድ።

ቅዳሜ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ከደስታ ነው።

አልዘነበም። የገዢዎቹ ግቢ ያደረግነው ከዳሞታ ሥር ያለ የተዘጋ መጋዘን ነው፣ ትልቅ የብረት በር ያለው። ስልሳ ሰው ስንል ስልሳው ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱ አማቱን ይዞ መጣ። ናሆም መቁጠር ጀምሮ ተወው። ሴቶቹ ቦይና፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ቀቅለው ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ይዘው መጥተዋል፤ ወታደሮቹ የአመፀኞቹን ምግብ ሲበሉ አረፈዱ።

ጴጥሮስ ጸለየ። አዎ፣ እሱ! «አላይም» ብሎኝ ነበር። ከዚያ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን በብረቱ በር ፊት ተከሉ።

የመጀመሪያው ቀረጻ ከሸፈ። «አራተኛ የሚሆን ማን ነው?» ስል አራተኛ እንድትሆን የተመደበችው ተማሪ ተነሳች፣ ሕዝቡ ተከተላት፣ ከዚያ አንዷ ሴትዮ ለማልቀስ ስትሞክር እንደ ፍየል ድምፅ ወጣትና ሁሉም በሳቅ ሞተ። ሁለተኛውም እንደዚያው። «የሞተ ሰው ሳይኖር በምን እናልቅስ?» አሉ፣ እውነታቸውን። ናሆም ፊቱ አመድ መሰለ። ፀሐይዋ እየሄደች ነበር።

ሦስተኛው። ከሁለቱ «ጎረቤቶቼ» ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወደ መንገዱ ዞርኩ። ጠየቅሁ።

ተማሪዋ ከመነሳቷ በፊት ጋሽ ዳልኬ ተነሱ።

ጽሑፉ ላይ የለም። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከሕዝቡ እስከ ድንኳኑ ያለችውን ሃምሳ እርምጃ የምታህል ባዶ ሜዳ ብቻቸውን፣ ቀስ ብለው ተሻገሩ። ወታደሩ ዱላውን ዘርግቶ ከለከላቸው። ልጁ የተባለውን ነው ያደረገው። እጃቸውን ዱላው ላይ አድርገው በወላይትኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ማርታ ትባላለች። ድንኳኗ ውስጥ ልቀመጥ ነው» አሉት። ልጁ ወላይትኛ አያውቅም። ግን ዱላውን ዝቅ አደረገ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

አራት ሆንን።

ከዚያ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከኋላ አንዲት ሴት «ማርታ!» አለች። ሌላዋ ቀጠለች። በበሽታው ጊዜ ያልተለቀሰለትን ሁሉ ይጠሩ ጀመር፣ ወንድሙን፣ እናቷን፣ ልጁን፣ እየጠሩም መጡ፤ መንገዱ በሙሉ ወደ ድንኳኑ ፈሰሰ። ወታደሮቹ እንዲሸሹ ማንም አልነገራቸውም፤ የሚቆሙበት ቦታ አጡ። ሕዝቡ በሩን ሞላው። እኔ አሥራ ሁለት መስመር ንግግር ነበረኝ። አንዷን ብቻ አልኩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኳት ራሴ አላስታውስም፦ «ቁጠሩን እንግዲህ!» ሰው ሁሉ ተቀብሎ ጮኸው። የብረቱ በር ተንቀጠቀጠ። እኔ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጬ «ነገ ይምጡ» የምል አበባ፣ መንግሥት ገለበጥኩ።

ናሆም ቀረጻውን «ቁረጡ» ሳይል ቀረ። ኋላ ስንጠይቀው ረስቼው ነው አለ። ዐይኑ ቀልቷል።

እሑድ

ድምፄ የለም። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ካሜራው ሄደ። ድንኳኑ አልሄደም። ትናንት ሊያነሱ ሲሉ ሴቶቹ ጋሽ ዳልኬን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጠቅልለው እሳቸው ደጅ ወስደው ተከሉላቸው። ማን እንደደወለ አይታወቅም፣ ዛሬ ከቀትር በፊት ከሃላሌ አንድ ሚኒባስ ሙሉ የማርታ ዘመድ ደረሰ። እህቷ ከመኪናው ወርዳ ከጋሽ ዳልኬ ጋር ተቃቅፈው ቆሙ፤ ማንም አላላቀቃቸውም። ጴጥሮስ አጭር ቃል አካፈለ፣ ተዘመረ፣ ተለቀሰም፤ ሁለቱም ሆነ፣ ሰማይ አልወደቀም። ናሆምም መጣ። ባዶ እጁን መጥቶ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው።

ፊልሙ መቼ ተቆራርጦ እንደሚያልቅ አላውቅም። ማን ያሳየዋል፣ ማን ምን ይለዋል፣ እሱንም አላውቅም። ናሆም «እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ያቺ አንዷ ቀረጻ አለች» አለኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ የሃላሌ ሰዎች ተሳፈሩ። ጋሽ ዳልኬ ሚኒባሱ እስኪሰወር ቆመው ሸኙ፤ ከዚያ ወደ ድንኳኑና ወደ እኛ ዞረው እጃቸውን አራገፉ።

«በሉ» አሉ፣ «አሁን ይነሳ።»