አቶ ቧንቧ ውሃውን ሲለቅ

አባዬ፣

ከሄድክ ወዲህ በረዶው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ጫማህ አሁንም በሩ ጋ ነው፤ እማዬ አቧራውን ትጠርግና እዚያው ትመልሰዋለች። ሰፈራችን ሃውገሩድ ያው ነው፤ ሊፍቱም ያው ይበላሻል። እማዬ ከጽዳት ሥራዋ አንድ ቀን ቀንሳለች፣ ጉልበቷን እያመማት። እኔ ደግሞ ማስተርሴን ጨረስኩ። የውሃ ምህንድስና! በሕይወት ብትኖር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ላገኘኸው ሰው ሁሉ ታወራ ነበር፤ አውቅሃለሁ።

የምጽፍልህ ግን ግራ ስለገባኝ ነው።

አቶ ቧንቧን ታስታውሰዋለህ? ከወንዙ ግድብ በታች፣ ትልቁ ድንጋይ ጋ፣ እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ትቆማለህ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህ ቀለበቶች ላይ የተጋገረውን በረዶ በትንፋሽህ ታቀልጣለህ። ከእማዬ ነጠላ ጥለት ሰርቀህ በመዘዝከው ቀይ ክር የሠራሃትን ዝንብ መሳይ መንጠቆ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርገህ ታሳልፋለህ። ትራውት ዓሣ በብርድ ሰነፍ ነው፣ አፉ ድረስ ካላመጣሽለት አይነቃነቅም ትለኝ ነበር። ዓሣው ልክ ሊነካት ሲል ውሃው ከፍ ይላል። አንተም ወደ ግድቡ ዞረህ፣ አንተ አቶ ቧንቧ፣ ደግሞ ከፈትከው? ምን አደረግንህ? እያልክ ትጮሃለህ። እኔ ዳር ሆኜ በሳቅ እሞታለሁ። ልጅ ሳለሁ እውነተኛ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ በመስኮት እያየ ዓሣው እስኪቀርብልህ የሚጠብቅ።

አባዬ፣ ግድቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሥራ ሰጠኝ። ውሃው መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ከሚወስኑት አንዷ ልሆን ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪን ብለዋል። አቶ ቧንቧ እኔ ልሆን!

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ይባስ የሚያደናግር ነገር ሰማሁ። በብርድ ጠዋት ውሃው የሚለቀቀው ከተማው ሁሉ ቤቱን ሲያሞቅ ብዙ መብራት ስለሚፈልግ ነው። እማዬ ደግሞ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የቤቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው እንደምታዞረው ታውቃለህ። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ከወንዙ ስታባርርህ የኖረችው እማዬ ናት? ስነግራት፣ እኔው ነኛ! ይዞ ለሚለቅ ሰው ማን ያዝናል! አለችኝ። ያን ሁሉ በርዶህ የያዝከውን ዓሣ ለምን መልሰህ እንደምትለቀው ዛሬም አልገባትም። ለነገሩ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። ለምን ነበር?

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ውሃ የማያስገባው የማጥመጃ ሱሪህ ሁለት እኔን ይይዛል፤ ጫማውን በካልሲ ሞላሁት። ቀይዋን ዝንብ አስሬ ድንጋዩ ጋ ቆምኩ። የሆነ ነገር ክሩን ሳብ እንዳደረገው ውሃው ጉልበቴን አልፎ መጣ። ሳላስበው፣ አንተ አቶ ቧንቧ! ብዬ ጮህኩ። ግን የምሰድበው ማንን ነው? ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ፤ ዓሣውም ሄደ።

ዳር ወጥቼ ግድቡን አየሁት። መስኮት የለውም፣ አባዬ። ከዚያ ሆኖ ያየህ ሰው አልነበረም። ውሃውን የሚለቁት ሰዎች ሩቅ ከተማ ውስጥ ስክሪን ፊት ነው የሚቀመጡት። ያን ድንጋይ አያውቁትም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የሚያውቀው ሰው እዚያ ቢቀመጥ አይሻልም? ወይስ ሥራውን ስለጓጓሁለት ራሴን እያታለልኩ ነው? ጓጉቻለሁ፤ አንተን አልዋሽም። አንተ ምን እንደምትል ግን አላውቅም፤ አንዴ ስትስቅ ይታየኛል፣ አንዴ ፊትህን ስታዞር።

ሰኞ እሺ ልላቸው ነው። ውሃ በለቀቅኩ ቁጥር ድንጋዩ ጋ ሰው እንደቆመ አስባለሁ፤ ዳር እስኪወጣ ጊዜ እንዲያገኝ፣ ቀስ እያለ እንዲሞላ እሟገታለሁ። ይህን አልረሳም፣ አንተንም አልረሳም።

አንተ ግን ውሃው ከፍ ሲል ካየህ እንደ ድሮህ ጮኸህ ስደበኝ። እሰማሃለሁ።

ልጅህ