አሥራ ሰባት ሰው የያዘ ክፍል

ሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2008
ዝናብ። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ ኮላ። ቅዳሜ እዚሁ እንጫወታለን። ጓደኛዬ ቲጃኒ ታሪኩን ይመራል፣ እኛ ዳይስ እየጣልን ከምድር በታች ካለ እስር ቤት ለማምለጥ እንታገላለን። እስር ቤቱን መሥራት የእኔ ድርሻ። ግድግዳው፣ በሩ፣ ሁሉም ከኢንተርኔት ወርዶ የሚታተም ወረቀት ነው። ቆርጦ አጥፎ መለጠፍ ብቻ... በዚህ እርጥበት ኮላው መቼ ሊደርቅ?

እማዬ "ሃያ አንድ ዓመትህ እኮ ነው" አለችኝ። መቁረጤን ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6
ጉድ ሆንኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ጠርዙ እንዳይቆረጥ ብላ አሳንሳ አትማዋለች። የገባኝ ሁሉንም ለጥፌ ስጨርስ ነው። ካለፈው ጨዋታ የተረፉትን የወረቀት ሰዎች ባስገባቸው እንቢ። ለቲጃኒ ደወልኩ።

"ክፍሉ ጠበበ በቃ! አራት ሰው እንኳ አይይዝም!"

አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"እኛ አሥራ ሰባት ነበርን" አለ። ወጣ። ምሳ አልበላም።

እማዬን ጠየቅኳት። "በደርግ ጊዜ ወደ ሰቃ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡና መጋዘን ውስጥ አጉረዋቸው ነበር። ከዚያ በላይ ለእኔም ነግሮኝ አያውቅ።" መታሰሩንስ አውቅ ነበር። አውቄም እስር ቤት ሠርቼ ሳሎኑ መሀል አስቀመጥኩለት... ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7
ላቃጥለው ጓሮ ይዤው ወጣሁ።

"ተው። አምጣው" አለ አባዬ።

መነጽሩን አደረገ። ሠላሳ ዓመት ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን ሲነድፍ የኖረ ሰው፣ እጁ ዛሬም አይንቀጠቀጥም። "ልኩ ተሳስቷል" አለና ባዶ ወረቀት ጠየቀኝ። የእኔን ትቶ መጋዘኑን ይሠራ ጀመር። ወርዱ ስድስት እርምጃ። መስኮት የለም። ግድግዳውን ሲያቆም የወረቀት ሰዎቹን አቀበልኩት። አልተቀበለኝም። አሥራ ሰባት ቀጫጭን ወረቀት ቆርጦ ደረደራቸው፣ ጎን ለጎን።

"በጎን ነበር የምንተኛው። አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም አብረን።"

አንዷን ወረቀት ግን ከእጁ አላወጣትም። "ይሄ ደሬሳ ነው።"

አርብ፣ ሐምሌ 8
ዛሬ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ደሬሳ የሰቃ ልጅ ነው። ተስቦ ይዞት እዚያው ሞተ። "እንዴት እንደሞትኩ ለእህቴ ለሶረቲ ንገርልኝ" ብሎት ነበር። አባዬ እሺ አለ። አልነገራትም።

"ሰቃ ገበያ ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።"

ሠላሳ ስምንት ዓመት! ተናደድኩበት። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው።

"ነገ እንሂድ?"

መነጽሩን አውልቆ፣ "ለአንተ ካወራሁ በኋላማ ምን መደበቂያ አለኝ" አለ።

ለቲጃኒ ደውዬ፣ ምክንያቱን ነግሬ፣ ጨዋታው ቀረ አልኩት። "ችግር የለም ወንድሜ። ጋሼን አላህ ያግዛቸው በልልኝ" አለ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9
ሰቃ ደርሰን መጣን።

የሶረቲን ቤት ገበያው ላይ ጠይቀን አገኘን። አባዬ ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው እኔ አንኳኳሁ። ሶረቲ አሮጊት ናት፣ በምርኩዝ የምትሄድ። አባዬ ደሬሳ ሲል ገና ምርኩዙን በሁለት እጇ ያዘችው። በኦሮምኛ ሁሉንም ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ኮጳ ቱሬ?" ብቻውን ነበር?

"ሚቲ" አለ አባዬ። አልነበረም። "ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር።"

"ታዲያ እስከዛሬ ሳትነግረኝ ምነው?" አለችው።

"አፍሬ። እሱ ሞቶ እኔ ተርፌ... አፍሬ።"

አልተቆጣችውም። ይቅርም አላለችው። እጁን ይዛ አስገባችው። ደጅ ላይ የጫማዬን ጭቃ ስጠርግ ከውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።