ጉቶ ቆጣሪው ኦቦ ቀጄላ ቦሩ (1945–2008 ዓ.ም.)

ኦቦ ቀጄላ ቦሩ ከአባታቸው ከኦቦ ቦሩ ዱቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ነገዎ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1945 ዓ.ም. በገፈርሳ ተወለዱ። ለቤተሰቡ አራተኛ ልጅ ነበሩ፤ ከአራታችን ለወግ ለማዕረግ የደረስነው ሁለታችን ብቻ ነን። ይህን ታሪክ ያስጻፍኩት ታላቅ እህታቸው ተረፈች ቦሩ ነኝ። የሚጽፈው እጅ የልጃቸው የፌኔት ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ቅር የሚለው ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ።

ፊደል የቆጠሩት ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ነው። ከዚያም እስከ ስምንተኛ ክፍል በእግራቸው እየተመላለሱ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። አባታችን ወንዱን ትምህርት ቤት ልከው ሴቷን ከብት ኋላ አስቀሯት። እሳቸው ማታ ማታ ፊደሉን ሊያሳዩኝ ሲሞክሩ እኔ ኮርቼ እምቢ አልኩ። ጥፋቱ የአባታችን ብቻ አይደለም።

በ1965 ዓ.ም. ከሰበታ በላይ ባለው የጥድና የዝግባ ደን በጥበቃ ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ወደ ወንዶ ገነት ተልከው የደን ሙያ ለሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ የደን ቴክኒሺያን ሆነው ተመለሱ። ያኔ ራሱ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት መዶሻ ተሰጣቸው። በፈቃድ የተቆረጠ ዛፍ ግንዱም ጉቶውም በዚያ መዶሻ ይመታል። ምልክት የሌለው ጉቶ የተሰረቀ ዛፍ ጉቶ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለዩ የኖሩት ይህንኑ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ዲንቄ ገብረየስን በቅዱስ ጋብቻ አግብተው ቡራዩ ላይ ጎጆ ወጡ፤ ፌኔትንና ዳናን ወለዱ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂው ሁሉ ሸሽቶ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ደኑ ውስጥ ገባ። እሳቸው አልሸሹም። ዛፍ ሲቆርጥ ያገኙትን ሰው ስም በደብተር ጻፉ። ነፍሱን ይማርና ባሌ ዲሪርሳ ሦስት ጥድ ቆርጦ ነበር፤ የእሱንም ስም ጻፉ። ሥርዓት ሲመለስ ተጠርቶ ተቀጣ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜን አላነጋገርኩም። እሳቸው ግን በየበዓሉ እየመጡ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ «አካም ጂርታ፣ እትዬ» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው፣ መልስ ሳያገኙ ይሄዱ ነበር።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በሱሉልታ መንገድ በእንጨት መቆጣጠሪያ ኬላ ላይ ሠሩ። የዘመኑን ሌባ ዘዴ ያወቁት እዚያ ነው። የተሰረቀ እንጨት ይያዛል፤ የተያዘው በጨረታ ይሸጣል። ሌባው ራሱ ይመጣና የራሱን እንጨት በጨረታ ይገዛል፤ ደረሰኝም ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ያ ደረሰኝ ሕጋዊ ወረቀት ሆኖ ሌላ እንጨት፣ ሌላም እንጨት ያሳልፋል። በአንድ ደረሰኝ አሥራ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ አይተው ቢያመለክቱ ሰሚ አጡ። እንጨቱ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ሲደርስ ደግሞ ማንም፣ «ከየት ተቆረጠ?» ብሎ አይጠይቅም።

በ2005 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ዓመት ሳይሞላ ግን ሁለቱ መንግሥታት ስለ እንጨት ንግድ ስምምነት ሊዋዋሉ ነው ተብሎ ለምክር ተጠሩ። ነገሩን ለእኔ ሲያስረዱኝ፣ «እትዬ፣ ሌባ የሚሰርቀው ገዢ ስላለው ነው። እዚህ መቶ ዘበኛ ከማቆም እዚያ ማዶ አንድ በር መዝጋት ይሻላል» አሉኝ። በውሉ መሠረት፣ ከየትኛው ጉቶ ላይ እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት የሌለውን እንጨት ጎረቤት አገር ከጉምሩኩ ይመልሰዋል። የወንድሜ ሙግት አንድ ነበር፤ የጨረታ ደረሰኝ እንደ ወረቀት እንዳይቆጠር የሚል አንቀጽ ይግባ ነው። ይህ ካልገባ ቀሪው ውል ለሌባው የተሰፋ ካፖርት ነው ይሉ ነበር። የማዶዎቹ ሰዎች፣ «እንግዲያው ከአንድ ደን ስንት እንጨት እንዲህ እንደወጣ አሳየንና አንቀጹ ይገባል» አሏቸው።

ስለዚህ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በስልሳ ሦስተኛ ዓመታቸው ወደ ሰበታው ደን ወጡ። ከሾፌራቸው ከከማል ጋር መዶሻ ያልነካውን ጉቶ ሁሉ እየፈለጉ፣ በላዩ ቁጥር በቀለም እየጻፉ፣ በመዝገብ አሰፈሩ። ቀለሙ ቀይ ነበር። ከማል፣ «አባባ፣ ቢጫ እንግዛ፤ ቀይ ሰው ያስደነግጣል» ቢላቸው፣ «ቀይ ከሩቅ ይታያል» ብለው እምቢ አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ቀይ ቀለም ግድግዳህ ላይ ተቀባ ማለት ቤትህ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ዛፍ እንጂ ሰው አያዩም ነበር፤ ይህ ስሕተታቸው ነው። ጉቶው ደግሞ ደን ውስጥ ብቻ አልነበረም። ደኑ ተመንጥሮ ወደኋላ ስለሄደ፣ ከገበሬው ማሳ ዳርም ብዙ ጉቶ ነበር።

ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ለከተማው ሊጠቀልል ነው ተብሎ አገሩ ሲታመስ ይህ ሥራ አላለቀም ነበር። በዚህ ጊዜ የሆነውን ሳስጽፋት ፌኔት፣ «አዳዳ፣ ይህ እንኳ ይቅር» ብላኝ ነበር፤ አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው። አይቀርም ብያታለሁ።

በኅዳር ወር በሰበታ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ኦቦ ቦጂያ፣ «ወንድምሽ ጡረታ ወጥቶ ጉቶ ይቆጥራል አሉ። ዶሮ ቢያረባ አይሻለውም?» አለኝና ሰው ሳቀ። ቦጂያ ቀልዱን ነው፤ አልቀየመውም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ጉቶ ነው የሚቆጥረው ማለት አነሰብኝ። «ዝም በል። ሁለት መንግሥት የሚፈራረመው በእሱ ወረቀት ነው። ይህ የምትረግጠው መሬት ሁሉ የሚለየው በእሱ ቀለም ነው» አልኩት። ሳቁ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ታኅሣሥ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ወንድሜን ወጣቶች ከማሳው ዳር ጉቶ ላይ ቀለም ሲቀቡ አገኟቸው። «መሬታችንን ልትለካ ነው የመጣኸው» ቢሏቸው በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ መዝገቡን ከፍተው አሳዩአቸው። 1,140 ጉቶ ደርሰው ነበር። የሰማቸው የለም። በድንጋይና በዱላ ደበደቧቸው፤ መኪናውን ከነመዝገቡ አቃጠሉት። ከማል በተሰበረ ክንዱ እየጎተተ አስፋልት አደረሳቸው። በዚያ ሳምንት የእነዚያ ልጆች ጓደኞች በጥይት እየወደቁ ነበር። በንዴታቸው አልፈርድም፤ በእጃቸው ሥራ ግን እፈርዳለሁ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ወንድሜ ግን ኩላሊታቸው ተጎድቶ ከአልጋ አልተነሱም። ጉቶው እንደገና እስኪቆጠር ውሉ ይቆይልኝ ብለው በፌኔት እጅ ደብዳቤ አስጻፉ። አልቆየላቸውም። ሚያዝያ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙ፤ አንቀጹ በማስረጃ ጉድለት ወጣ፤ የጨረታው ደረሰኝ እንደ ሕጋዊ ወረቀት ጸደቀ። ሰኔ ላይ ዳና ሄዶ ሲያይ ጉቶው ተቆፍሮ ለከሰል ወጥቷል። ለአባቱ ሲነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በሰባቱ የሕመም ወራት ከራስጌያቸው አልተለየሁም። በየቀኑ፣ «መሬት ለካ ብሎ ያስወራብህ ልሳኑ ይዘጋ፤ ዘሩ አይባረክ» እያልኩ እረግም ነበር። እሳቸው እጄን ይይዙና፣ «ተይ እትዬ፣ አትርገሚ» ይሉኛል። በደግነታቸው መስሎኝ ብሶብኝ እረግም ነበር።

ሐሙስ ሐምሌ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከማል ለቅሶ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ወሰደኝና፣ «እማማ፣ ሲደበድቧቸው ‹ቀለምህ መሬት እንደሚለይ የገዛ እህትህ ተናግራለች› አሏቸው። ለርስዎ እንዳልነግር አስምለውኝ ነበር» አለኝ። ወንድሜ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። እጄን የሚይዙት ራሴን እንዳልረግም ነበር።

ኦቦ ቀጄላ ቦሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዲንቄን፣ ልጆቻቸውን ፌኔትንና ዳናን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያኑርልን፤ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በምሕረቱ ያጽናልን። እናንተም ለቀብር የመጣችሁ፣ ለእኔ እግዜር ያጥናሽ አትበሉኝ። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ እኔ ያልኩትን የሰማ ሰው ካገኛችሁ፣ ቀጄላ የማንንም መሬት አልለካም፤ እህቱ ዋሽታ ነው በሉት።