በመስታወት ውስጥ ስለቆመው የእናቴ በር

ለተከበሩ የታላቁ መሪ መታሰቢያ ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በየክፍሉ ቆመው «አትንኩ» ለሚሉት ትጉሃን ጥበቃዎችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔና እናቴ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ነፍሳችን አለች።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ መታሰቢያውን ጎበኘሁ። ዛሬ ፏፏቴዎ የሚፈስበት ቦታ ላይ የእኛ ቤት ነበር። ታላቁ መሪ በአንድ ወቅት ሰፈራችንን ሲጎበኙ ያንን ቤት አንኳኩተው ገብተው፣ እናቴ የሰጠቻቸውን ውሃ ጠጥተው፣ ሲወጡ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እማማ፣ እኔ ቆሜ ይህን ቤት የሚነካብዎት የለም» ብለዋት ነበር። እውነትም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቤቱ የፈረሰው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ለእሳቸው መታሰቢያ ነው።

1ኛ. በራችንን ከፍርስራሹ ለይታችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ በመስታወት ውስጥ ስላቆማችሁልን እናመሰግናለን። ከቤተሰቡ ዛሬ ዝናብ የማያገኘው እሱ ብቻ ነው፤ የተከራየነው ክፍል ጣሪያ ያፈሳል።

2ኛ. አጠገቡ ባለው ፎቶግራፍ እናቴ ብርጭቆ ይዛ ትታያለች፤ ከሥሩም «ታላቁ መሪ ከአንዲት ነዋሪ ጋር» ይላል። ነዋሪ መባሏ አኩርቶናል። የት እንደምትኖር መጠየቁ ግን ተዘንግቷል።

3ኛ. መስታወቱን በእጇ ስትነካ ጥበቃው ከለከላት። በሩ የእሷ እንደሆነ ብትነግረው፣ ፈገግ ብሎ መውጫውን አሳያት።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወው። አፍራሾቹ ሊመጡ ነው ሲባል ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው አቤት ሊሉ ተነሥተው ነበር። ያስቀመጠቻቸው እናቴ ናት፤ «ቃል አለኝ» አለቻቸው። እሷን አምነው ተቀመጡ፤ ሁላችንም ተበተንን። ዛሬ ድንገት መንገድ ላይ የሚያገኟት ሁሉ «ቃል አለኝ፣ እንዴት ነሽ?» ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን ታለቅሳለች። ተከድተናል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ ሰፈሩን የከዳሁት እኔ ነኝ ብላ ማመኗ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የእናንተን ፈረስ ግን በነሐስ አሠርታችሁ ግቢው መሐል አቁማችሁት አየሁ።

የምለምንዎት አንድ መስመር ብቻ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር «ቤቷ ለዚህ መታሰቢያ ሲባል ፈርሷል» ተብሎ ይጨመርልን፤ የድሮ ጎረቤቶቻችን መጥተው ያንብቡትና ቃሉን ያጠፈው ማን እንደሆነ ይወቁ።

የራሳችንን በር በነጻ እንድናይ ለፈቀደው ቸርነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የአንዲት ነዋሪ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩን ያቆማችሁት ገልብጣችሁ ነው፤ የውስጡ መቀርቀሪያ ወደ ጎብኚው ዞሯል። ስለዚህ ጎብኚው ሁሉ የቆመው እናቴ ቤት ውስጥ ነው፤ ታላቁ መሪ ገና ውጭ ናቸው። እንዲስተካከል ላመለክት ስል እናቴ ከለከለችኝ። «ተይው፣ እንዲሁ ይቁም» አለችኝ፤ «ሁለተኛ ቢያንኳኩ አልከፍትላቸውም።»