የወንድሜን ጅራፍ ለወረሰው የሕግ ክፍል

ክቡራን የጌም ኩባንያው የሕግ ክፍል ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ባሕር ማዶ ያላችሁት እናንተም፣ ቤተሰባችሁም፣ በስማችሁ የተመዘገበው መብት ሁሉ ጤና እንዲሆን ከደብረ ታቦር እመኛለሁ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ ይህ ደህና ከተባለ።

ኩባንያችሁ መሸጥ ካቆመ ዘመን ያለፈውን፣ ጀግናው በጅራፍ የሚዋጋበትን ጌም እኔና ወንድሜ ይሻው እንደገና ሠርተን፣ በጌማችሁ ግንብ ፋንታ የጋፋትን ኮረብታ አስገብተን በነጻ ስናድል ደርሳችሁ ከኢንተርኔት ስላስወረዳችሁልን አመሰግናለሁ። ጌሙ የእናንተ ነው፤ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው፤ አልከራከርም። ጌም ቤት ያለው ጎረቤታችን የሱፍም ማስጠንቀቂያችሁን ሲሰማ ደንግጦ የእሱን ቅጂ አጥፍቷል። ቅሬታዬ ትንሽ ናት፦

፩. የጅራፉ ድምፅ ከጌማችሁ የተሰረቀ ነው ብላችኋል። ክቡራን፣ እኛ ዘንድ ለቡሄ ጅራፍ ይጮሃል። ይሻው ራሱ በገመደው ጅራፍ ጋፋት ሜዳ ላይ ሲያጮህ በስልኬ የቀዳሁት እኔ ነኝ። የወንድሜ ክንድ ከስቱዲዮ ባለሙያዎቻችሁ እኩል መሆኑን ስለመሰከራችሁለት ኮርተናል።

፪. ከጅራፉ ቀጥሎ የሚሰማውንም ሳቅ ከንብረታችሁ ቆጥራችሁታል። የጅራፉ ጫፍ ዞሮ የገዛ ጆሮውን ሲገርፈው ይሻው የሳቀው ሳቅ ነው።

፫. ይሻው ባለፈው ክረምት ታሞ ዐረፈ። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ እዚህ መግባትም አልነበረበትም። ብቻ የቀዳሁበት ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ድምፁ የቀረን ጌሙ ውስጥ ነበር። ጌሙን የምንከፍተው ከኢንተርኔት ማኅደራችን ነበርና፣ ማኅደሩ በአቤቱታችሁ ሲዘጋ ድምፁም አብሮ ሄደ። እናቴ ወይዘሮ ፈንታነሽ ጌሙን እንድከፍትላት ትጠይቀኝ ነበር፤ መጫወቱን አታውቅበትም፣ ጅራፉን አስጩኻ ሳቁን ሰምታ ትነሣ ነበር። አሁን መጠየቁን ትታለች። እኔም አላለቀስኩም፤ እንባዬ የት እንደገባ እንጃ።

ከታላቅ አክብሮትና ከተሟላ ታዛዥነት ጋር፣
ንብረታችሁን ሳታውቅ ዘጠኝ ወር የተሸከመችላችሁ እናት ልጅ፣
ዝናሽ ሙላቴ
ደብረ ታቦር

ማሳሰቢያ፦ ለቡሄ ከተማው በሙሉ መብታችሁን ስለሚጥስ ወኪል ብትልኩ መልካም ነው። በደብዳቤያችሁ እንደገለጻችሁት አንድ ቅጂ ለማስረጃ ቢሮአችሁ ተቀምጧልና፣ ወኪሉ እሱን ይዞ ይምጣ። እናቴ ተከሳሹን በሳቁ ትለየዋለች።