የኋላ ጎማህ ድምፅ

ግርማዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ሰባት ዓመት ሞላ፤ ባለፈው እሑድ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተዝካርህን አወጣን። ሰው ሁሉ መጥቶልህ ነበር። ሁሉም ስላንተ ሲያወራ ሲስቅ ዋለ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። ማንም ምኑንም እንዳይቀይርበት ስከላከል የኖርኩትን ብስክሌትህን አስፈታሁት። ያ የኋላ ጎማህ ድምፅ የለም። ይህን ለማን ልንገር ብዬ ባስብ ካንተ ሌላ ሰው አጣሁና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤታችን ያው ነው። ጣሪያውን ቀይረንለታል፣ ዝናብ ሲጥል ባልዲ መደቀን ቀርቷል። ከተማውን ግን ብታየው አታውቀውም። ካዛንቺስ አንተና ጓደኞችህ በብስክሌት ስትወጡበት ስትወርዱበት የነበረው የድንጋይ አጥር ፈርሶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፤ ጥበቃው እንኳን ብስክሌት፣ ቆሞ የሚያይ ሰውም አይወድ። ኑረዲን፣ ያ ከወንድም የማታሳንሰው ጎሚስታ ጓደኛህ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ብስክሌት መጠገኛ ከፍቷል። ጢሙ ሸብቷል፣ ወሬው አልቀነሰም። ልጃችን ማሂ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷ እኔን አልፏል፣ ግትርነቷ ያንተው ነው።

የዛሬን አያድርገውና፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ስንተዋወቅ ለአራት ጓደኛሞች አንድ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበራችሁ። አንሺው ብለኸኝ ሞክሬ ወገቤን ይዤ ነው የተመለስኩት። ፓራፋንጎውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ ደወሉን ነቅላችሁ ጥላችኋል። ሰው በብስክሌት መንገድ ይሄድበታል፤ እናንተ ድንጋይ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ የተደረደረ የቢራ ሳጥን ላይ ትወጡበታላችሁ። ደንባችሁ አንድ ነበር፤ እግሩ መሬት የነካ ያለ ክርክር ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ለሚቀጥለው ይሰጣል። አንተ ስትሰጥ ፊትህ እንዴት ይጠቁር እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ መቀመጫው ሄደ። ስትዘሉ ጭናችሁን እየመታ አስቸገራችሁ። ሰው የማይቀመጥበት ብስክሌት ምን ሊሠራ ነው ብዬ ስንት ቀን ሳቅኩብህ። ፍሬኑ አልይዝ ሲልህ ደግሞ የመንገድ ሠራተኞች የተዉትን ሬንጅ ለቃቅመህ ቸርኬው ላይ ቀባህ። ፍሬኑስ ያዘልህ፤ እጅህን የጠረግክበት ፎጣዬ ግን ከዚያ ወዲህ ፎጣ አልሆነም።

የጎማውን ነገር ሳስበው አሁንም በለቅሶዬ መሃል ሳቅ ይመጣብኛል። ኑረዲን ጎሚስታ ነው፣ እና ጎሚስታ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎማ ከለሰለሰ ውስጡ ያለው ካላማዳሪያ ይበላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋላችኋል፣ እናንተም ድንጋዩ ላይ ስታርፉ እየነጠራችሁ ትወድቃላችሁ። ጥፋቱ የራሳችሁ እየመሰላችሁ ስንት ዓመት ጉልበታችሁን ላጣችሁ! በዘጠናዎቹ መጨረሻ ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ፣ እየቆመ እየሄደ በሚታይ ቪዲዮ ውስጥ እንደናንተ በብስክሌት ድንጋይ ላይ የሚዘል ፈረንጅ አያችሁ። ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ዝርግ ይላል፣ ይዞት ይቀራል። መቀመጫም የለውም። ቤት ስትመጣ በር ላይ ሆነህ «አስቱ፣ እነሱም መቀመጫ የላቸውም!» ብለህ ጮህክ። የጎማውን የነገርከኝ ቀስ ብለህ፣ አፍረህ ነው። በማግሥቱ ኑረዲን ነፋሱን ቀነሰው፤ ስትወድቅበት የኖርከውን ግንብም ወጣኸው።

ከዚያማ ማን ይችልሃል። ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት አገኘህ፣ ማርሹን አውጥተህ ጣልክ፣ ኑረዲን ብረቱን ቆርጦ ዝቅ አድርጎ በየደልህ። ከጥቁሩ ብስክሌት ያዛወርከው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ኋላ ጎማ መሃል ላይ ያለውን፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሽከረከረውን ጥርስ። እሱ ነበር ድምፁን የሚሰጠው። የቤታችን መግቢያ ጠባብ ስለሆነ ከመንገዱ ጀምረህ እየገፋህ ነበር የምትመጣው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ውስጡ የተሰበረ ነገር ስላለ አንዴ ይዘላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። እሱን ስሰማ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። ኩላሊትህ ታሞ መንዳት ካቃተህ በኋላ እንኳ ሐኪም ቤት ስትሄድ ብስክሌቱን እንደ ምርኩዝ ይዘኸው ትሄድ ነበር፣ እኔም መመለስህን የማውቀው በሱ ነው።

ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከሄድክ በኋላ ማሂ ትምህርት ቤት ስትሆን ብስክሌቱን እገለብጥና የኋላ ጎማውን በእጄ አሽከረክረዋለሁ። ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ሲቆም ደግሜ አሽከረክረዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር!

ማሂ ካደገች ወዲህ ደግሞ ያንተው ነገር ያዛት። ወሎ ሰፈር ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ትውላለች። የዛሬዎቹ ብስክሌቶች ሌላ ናቸው፣ ግርማዬ። አሉሚኒየም ናቸው፣ አንዱን በአንድ እጄ አንስቼዋለሁ። ፍሬናቸው በዘይት ይሠራል፣ አንድ ጣት ይበቃዋል። ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ ከመጀመሪያውም አልተሠራላቸውም። እሷ ያላት ያንተ ነው። ያ የኋላ ጥርስ ተበልቶ አርጅቷል፣ ስትዘል ፔዳሉን ስትረግጠው ይከዳታል። «እማ፣ ዛሬ እኮ የሚሽከረከረው ጥርስ ወደ ፊት፣ ወደ ፔዳሉ ሄዷል፤ ወዲያው ነው የሚይዘው፣ በቃ ይሄ አይሆንም» ብላ ለመነችኝ። የአባትሽ ማስታወሻ ነው፣ አይነካም አልኳት። ለምኑ እንደሳሳሁ አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ከድቷት በአገጯ ወደቀች። ተሰፍታ መጣች። ኑረዲን ሊጠይቃት መጥቶ እሷ ስትተኛ እንዲህ አለኝ፤ «አስቱ፣ ለኔም እኮ ጓደኛዬ ነው። ግን ግርማ መቼ ነው አንድ ዕቃ ሳይቀይር የከረመው? ማለቴ፣ ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። እግሩ መሬት የነካ ይሰጣል።» ያችን ቃል ስሰማ ተናደድኩበት። ስላንተ ተራው አለፈ ብሎ ይናገራል ብዬ ሻዩን እንኳ ሳልደግምለት ሸኘሁት። ጠዋት ግን ፋሻዋን አየሁት። ብስክሌቱን ራሴ ይዤ ወጣሁ።

ታክሲ አልያዝኩም። ከቂርቆስ እስከ መስቀል ፍላወር እየገፋሁት፣ አንተ ከጎኔ ጠቅ ጠቅ እያልክ አብረን ሄድን። ሱቁ በር ስደርስ አልፌው ሄድኩና ደግሜ ተመለስኩ። ኑረዲን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ጥርሱን ሲፈታው ውስጡ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች ተበተኑ። ልግጠምልሽ ብሎ ብዙ ታገለ፣ አልሆነም። በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ፣ ብስክሌቱ ላይም አዲስ ጥርስ ገጠመ። አሮጌውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከነጠላዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ባነቃንቀው ብረት ይንኳኳል እንጂ እሱ አይደለም።

ትናንት አመሻሽ ላይ ምስር እየለቀምኩ ከመግቢያው የብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥርርር የሚል። ማሂ መጣች አልኩና መልቀሜን ቀጠልኩ። አልተነሳሁም። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ መግቢያ ጎማ በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሳ ነበር፣ ትናንት ግን አንተን አልጠበቅኩም። እሱን ሳውቅ ምስሩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ የሞትክ ያህል አለቀስኩ።

ማሂ ደንግጣ ምን ሆንሽ አለችኝ። በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኳት። «እንዴት ነበር የሚለው? እስቲ አሰሚኝ» አለችኝ። በምላሴ ሞከርኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እስከሚለው ደህና ነበርኩ፣ የሚዘልበት ቦታ ጠፋብኝ። እሷም ከኔ ጋር ሞከረችው። ልክ አልመጣልንም፣ ግርማዬ። ነገም እንሞክረዋለን።

አስቴርህ